ከማሽላው ራስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ

ዐረብ አገር ደርሰው የመጡ የጎረቤት ልጆች አውሮፕላን ውስጥ ምን ያህል እንደፈሩ ሲያወሩልኝ ሳቄ ይመጣል። ደመናው ከሥራቸው ሆኖ ሲያዩት ነፍሳቸው ልትወጣ ምንም አልቀራትም ነበር ይሉኛል። እኔ እንኳን ደመና ላይ ልወጣ ከማማ በላይ ከፍ ብዬ አላውቅም፤ ስለ አውሮፕላን ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። የሚያስፈራው ከፍታው አይደለም፣ ዝቅታው ነው። ይህን የነገረኝ አንድ አብራሪ ነው፤ ያመንኩት ግን ሲነግረኝ ሳይሆን ልገድለው ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሸዋሮቢት፣ ከከተማው ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ባለው የአባቴ ማሽላ ላይ። ያን ጊዜ ከባሌ ተፋትቼ ከካራቆሬ ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። እናቴ ቀድማ ሞታለች፣ ወንድምም እህትም የለኝም፤ ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ ጥቂት የሚናገሩ፣ አንዴ ከተናገሩ ደግሞ የማይመለሱ ሰው ነበሩ። ጓዜን ተሸክሜ ስመጣ ለምን መጣሽ አላሉኝም፤ ወንጭፉን አቀበሉኝና ማማውን አሳዩኝ።

ቆላ ማሽላ የዘራ ሰው የሚፈራው ድርቅን ብቻ አይደለም፣ ግሪሳንም ነው። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ አንዷን ለብቻዋ ብታዩአት ታሳዝናችኋለች። ለብቻዋ ግን መጥታ አታውቅም። ሲመጡ ሰማዩ ይጨልማል፣ ያረፉበት ማሽላ ይጎብጣል፣ ሲነሱ አገዳ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማሽላው ወተት መያዝ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ማማ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። ማማ ማለት አራት ረጃጅም ግንድ ተተክሎ ከላዩ እንጨት የተረበረበበት መቆሚያ ነው። ከማማው እስከ ማዶ ዛፍ ድረስ ገመድ ይወጠራል፣ ገመዱ ላይ ባዶ ጣሳ ይንጠለጠላል፤ ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት ጣሳው ይንኳኳል፣ ወፉም ይደነግጣል። ማታ ግሪሳው ወደ ማደሪያው ሲሄድ ገመዱ ይላላና መሬት ላይ ተኝቶ ያድራል። የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሌላው ሰው ገመዱን ከቃጫ ይሠራል። የአባቴ ግን ሽቦ ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ በደሴ መንገድ ዳር የቆሙ የስልክ እንጨቶችን ጣለና ሽቦው ጭቃ ውስጥ ወራት ከረመ። አባቴ አዩት፣ ማንም አላነሣውም፣ ጠቅልለው ቤት አገቡት። አልቆረጡትም፣ ወድቆ ነው ያገኙት። ግን በዚያ ዘመን የመንግሥት የስልክ ሽቦ እቤቱ የተገኘበት ገበሬ ወድቆ አገኘሁት ቢል ማን ይሰማዋል? ከዚያ ባነሰ ነገር ተወስዶ የቀረ ጎረቤት ነበረን። እኔ ለአባቴ ተናግሬ ነበር፤ «አባዬ፣ ይቅርብዎ፣ ቃጫው ይበቃናል» ብያቸዋለሁ። ቃጫ ዝናብ ሲነካው ይረግባል፣ ሽቦ ግን አይረግብም አሉኝ። አለቀ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ግሪሳው ከወትሮው ሁሉ በዛ። ከአጣዬ እስከ እኛ ድረስ ሰው ሁሉ ማማ ላይ ዋለ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ፣ አልሆነም። በመጨረሻ መንግሥት አውሮፕላን ላከ። ወፉ የሚያድረው ከእኛ እርሻ ማዶ፣ ወንዙ ዳር ባለው ደንገልና ግራር ውስጥ ነበርና አውሮፕላኑ መድኃኒቱን የሚረጨው ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሁሉም ተሰብስበው ሲያድሩ ነው ተባለ። መድኃኒቱ ወደ ሰው ቤት እንዳይነፍስ ደግሞ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ መብረር አለበት። የሚመጣውም በእኛ ማሽላ ላይ ነው፤ በግራ ማማችን፣ በቀኝ ሽቦው የሚታሰርበት ትልቁ ሾላ፣ እሱ በመካከላቸው።

አብራሪው ከአዲስ አበባ የመጣ አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበር። እኔ አብራሪ ሲባል የጠበቅሁት ሌላ ነው። ይህኛው ጫማው አቧራ የለበሰ፣ ቀና ብሎ ከማየት አጎንብሶ ማየት የሚወድ ሰው ነው። ከመብረሩ በፊት እርሻውን በሙሉ በእግሩ ሄደበት፤ ከመንገዱ እስከ ወንዙ፣ ተመልሶም ከወንዙ እስከ መንገዱ። አብሮት የመጣው የወረዳው ካድሬ ሰልችቶት ላንድሮቨሩ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ግን ተከተልኩት፣ ምክንያቱም ወንዙ ዳር ቆሜ ባንዲራ እንድይዝ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ አውሮፕላን ፊት ለፊት ሲመጣባቸው እንሸሻለን ብለው ፈርተው ነው። እኔ በባሌ ቤት የባሰ ስላየሁ እቆማለሁ አልኩ።

ሰውየው እየሄደ አስረዳኝ፤ ገበሬ ናት፣ ሴት ናት ሳይል፣ ለባልደረባው እንደሚያስረዳ አድርጎ ነው ያስረዳኝ። ከፍ ብሎ የሚበር ሰው ሞተሩ ቢጠፋበት እንኳ የሚያርፍበትን የሚመርጥበት ጊዜ አለው አለኝ። ዝቅ ብሎ የሚበር ግን ጊዜ የለውም፤ የሚያርፈው አፍንጫው ሥር ያለው ነገር ላይ ነው። ቀስ ብሎ መብረርም የራሱ ፍርሃት አለው። ፈጣን አውሮፕላን አፍንጫውን ቀና ቢያደርጉት ይወጣል፤ ቀርፋፋውን በድንጋጤ ቀና ካደረጉት ግን ክንፉ አየሩን ይለቀውና ዱብ ይላል። ስለዚህ አደጋ ሲመጣ ዋናው ነገር እጅን አለማስደንገጥ ነው አለኝ። ሰው የሚሞተው በዛፍ አይደለም፣ ዛፍ ይታያል። የሚሞተው በሽቦና በገመድ ነው፤ ከላይ ምሰሶው እንጂ ሽቦው አይታይም። ስለዚህ ነው በእግሬ የምሄደው አለኝ።

የባንዲራውን ነገርም ነገረኝ። ባንዲራው ነጭ አቡጀዲ ነው፣ ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ። ከፍ ካደረግሁት ና ማለቴ ነው። መሬት ላይ ከጣልኩት አትምጣ ማለቴ ነው። ከጣልሽው መጀመሪያ እዞራለሁ፣ ለምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ እጠይቃለሁ አለኝ።

ማማችን ጋ ስንደርስ ቆመ። ማማውን አየ፣ ማዶ ያለውን ሾላ አየ። የመንደሩ ሰው በታዘዘው መሠረት የቃጫ ገመዱን ሁሉ ጠቅልሎ ስለነበር የትም ቦታ የተወጠረ ነገር አይታይም። የእኛ ሽቦ ማሽላው ሥር፣ ሣር ውስጥ ተኝቷል። አባቴ አጠገባችን ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። አብራሪው እሳቸውን አልጠየቀም፣ እኔን ጠየቀኝ።

«በእነዚህ በሁለቱ መሃል የምትወጥሩት ነገር አለ?»

«ወላሂ፣ ምንም የለም» አልኩት።

እንዲህ በቀላሉ ነው ያልኩት። በልቤ አስልቼ ነበር፤ ካድሬው አጠገባችን በቆመው ላንድሮቨር ውስጥ ሆኖ ይሰማል፣ ሽቦ አለ ካልኩ የምን ሽቦ ይላል። አውሮፕላኑ የሚመጣው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፣ ያን ጊዜ ሽቦው ሁልጊዜም ወርዷል። እንግዲህ ማንም አይጎዳም አልኩ። በአላህ ስም ምዬ ነው ይህን ያልኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የመጀመሪያዋን ማታ መቼም አልረሳት። ወንዙ ዳር ባንዲራዬን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ድምፁ ከመንገዱ ወገን መጣ፣ ከዚያ ራሱ ታየ፤ ማሽላው ላይ፣ ከራሱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። የማሽላው ራስ ከሥሩ ይዘናፈላል፣ ግን አይነካውም። እንዲያ ያለ ከባድ ብረት፣ እንዲያ ቀስ ብሎ፣ አየር ላይ እንዴት ይቆማል? ነፋሱ ከፊቱ ሲመጣበት ጭራሽ የቆመ ይመስል ነበር። መሬቱ እዚያ ጋ ከፍ ሲል እሱም ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲል አብሮ ዝቅ ይላል፤ ሰው በጨለማ ግድግዳ በእጁ እየዳሰሰ እንደሚሄደው ነው። ሱብሃነላህ ከማለት በቀር አፌ ላይ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከራሴ በላይ ሲያልፍ ሻሼን ከራሴ ላይ አነሣው፤ የመንኮራኩሩን ጭቃ ሁሉ አየሁት። ከዚያ ደንገሉ ላይ ጭጋግ የመሰለውን መድኃኒት ለቆ ወንዙን ተሻገረ።

አባቴ ያንን ሁሉ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው አዩ። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልጁ እጁ ጥሩ ነው» አሉ። ለአባቴ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው፣ ለእኔ እንኳ ብለውልኝ አያውቁም።

በማግስቱ ግማሹ ወፍ አልቋል፣ ግማሹ ግን አለ። ከሰዓት በኋላ የተረፈው ሁሉ እኛ ማሽላ ላይ ወረደ። አባቴ ሽቦውን ወጥረው ጣሳውን ሲያንኳኩ ዋሉ። የአስር ሶላት ከሰገዱ በኋላ ወደ ወንዙ ራቅ ብለው ወረዱ፤ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ አድርገው ሲመለሱ ሊያላሉት አስበው ነው። እኔም ባንዲራዬን ይዤ ቦታዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ገና ጊዜ አለ ብዬ።

ከደጋው በኩል ጥቁር ደመና መጣ። እኛ ደመና ስናይ ዝናብ ነው የምናስበው፤ አብራሪው ግን ዝናቡ ሳይቀድመኝ ቀድሜ ልርጭ ብሎ አስቦ ኖሯል። ጀምበሯ ገና ሳትጠልቅ ድምፁን ሰማሁት። ብድግ አልኩ፣ እጄም ልማዱን ይዞ ባንዲራውን ከፍ አደረገ። ያኔ ሽቦውን አየሁት። ከማማው እስከ ሾላው በፀሐዩ እያበራ ተወጥሯል። ለእኔ የሚያበራው ፀሐይዋ ከፊቴ ስለነበረች ነው። እሱ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ከሥሩ ቡናማ ማሽላ፣ ከፊቱ ቡናማ ማሽላ ሆኖ እንደማያየው አወቅሁ።

ሽቦው የታሰረው ማማው ላይ ነው፣ ሮጬ አልደርስበትም። በእጄ ያለው ባንዲራው ብቻ ነው። ባንዲራውን ከጣልኩ ለምን ጣልሽ ይሉኛል፣ መልሱ አባቴ ናቸው። እውነቱን ልናገር፤ ወዲያው አልጣልኩትም። አውሮፕላኑ መንገዱን ተሻገረ፣ ማሽላው ጫፍ ደረሰ፣ ዝቅ አለ፣ እኔ አሁንም ባንዲራዬን ይዣለሁ። የአባቴ አንገት በአንድ ወገን፣ የዚያ ሰው ነፍስ በሌላ ወገን ሆነው ክንዴ መሃል ላይ ደነዘዘ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላህ ያውቃል። ከዚያ እንጨቱን በሁለት እጄ ይዤ መሬት ላይ መታሁት።

እንደነገረኝ አደረገ። አፍንጫውን ቀና አላደረገም፣ እጁ አልደነገጠም። አውሮፕላኑ እንደተኛ ሰው ጎኑን ቀስ ብሎ አዞረ፤ የቀኝ ክንፉ ማሽላው ውስጥ የገባ እስኪመስለኝ ዝቅ አለ፣ የግራው ወደ ሰማይ ወጣ። በሾላው ውጭ በኩል፣ ሰው በደህና ቀን በእግሩ በማይሄድበት ጠባብ ቦታ ዞሮ አለፈ። ፊቱን አየሁት። ወደ እኔም ወደ ሽቦውም አላየም፤ ወደሚሄድበት ብቻ ነበር የሚያየው። ነፋሱ ሲመታው ጣሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንኳኳ። እሱ ወንዙ ላይ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ከፍ አለና ሄደ። እኔ ባንዲራው ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ሮጠው መጥተው ሽቦውን ፈትተው ሣር ውስጥ ከተቱት። ከአብራሪው ቀድሞ እኔ ጋ የደረሰው ካድሬው ነው። ባንዲራውን ማን አስጣለሽ አለኝ። እጄ ዝሎ ነው አልኩት። እጅሽ የዛለው መንግሥት ስንት የደከመበትን ሥራ ለማበላሸት ነው፣ ይህ ስም እንዳለው ታውቂያለሽ አለኝ፣ ስሜንም ጻፈ። አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲራመዱ አየሁና ልብሳቸውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው።

አብራሪው አውሮፕላኑን ከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ አሳርፎ በሌላ መኪና መጣ። በእጁ አንድ የማሽላ ራስ ይዟል፤ መንኮራኩሩ ውስጥ ያገኘው ነው። ማንንም ሳያናግር ማማው ሥር ሄደና ግንዱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሽቦው ልጡን የቆረጠበት ቦታ ገና አዲስ ነበር። እዚያ ላይ ጥቂት ቆየ። ዞሮ ለካድሬው ልጅቷ ልክ ናት አለው፤ ወፉ ቦታ ቀይሯል፣ ብረጭ ኖሮ መድኃኒቱ በከንቱ ይፈስ ነበር። ነገ ጠዋት ከላይ ሆኖ ማደሪያውን የሚያሳየኝ የአገር ሰው እፈልጋለሁ አለና አባቴን በጣቱ አመለከተ። እሳቸውን እወስዳቸዋለሁ አለ። ካድሬው ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

በአጠገቤ ሲያልፍ ግን በዝግታ ሌላ ነገር ነገረኝ።

«ነገ ጠዋት ሽቦውን እንደነበረ መልሰሽ ወጥሪው። ሥሩም ቁሚ» አለኝ።

ይህን ሰው ምን ልበለው? አተረፈን ወይስ ከነማስረጃችን ሊያስይዘን ነው? በዚያ ዘመን የመንግሥት ሰው አባትህን እወስዳለሁ ሲልህ ምን እንደምታስብ የዛሬ ልጅ አይገባውም። አባቴ ግን እንደሚሞት ሰው ተናዘዙልኝ፤ በሬው የማን እንደሆነ፣ ከማሽላው ለዘካ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ነገሩኝ። ሲነጋ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ላንድሮቨሩ ላይ ወጡ፣ ወደ ኋላም አላዩም።

እኔ ሽቦውን ወጠርኩ። ሦስት ጊዜ አስሬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ከዚያ ሥሩ ቆምኩ። አውሮፕላኑ መጣ። መጀመሪያ ከፍ ብሎ አለፈ። ዞረና ዝቅ ብሎ መጣ። ሦስተኛ ሲመጣ ከሾላው ጫፍ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ፣ በነፋሱ ላይ ተደግፎ፣ እኔ በእግሬ ብራመድ የምቀድመው እስኪመስለኝ ድረስ በዝግታ መጣ። በመስኮቱ የአባቴን ነጭ ቆብ አየሁ። ከብረት ውስጥ አጎንብሰው የገዛ እርሻቸውን ይፈልጋሉ። ዕድሜ ልኬን ቀና ብዬ ያየኋቸውን ሰው በእውነትም ከሰማይ ሲያዩኝ አየሁ፣ እንባዬም መጣ።

ሳይረፍድ በእግራቸው ተመለሱ። ማንም አልያዛቸውም። ሰላምታም አልሰጡኝም፤ ማማው ላይ ወጡ፣ ሽቦውን ፈቱ፣ ወረዱና በመጥረቢያ ቆራርጠው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አብራሪው መንገዱን ሁሉ ዝም ብሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። እርሻችን ላይ ሲደርሱ ብቻ አንድ ነገር ጠይቋቸዋል፤ «አባባ፣ ሽቦው የት ነው?» ብሎ። ሦስት ጊዜ አዙሯቸው ሦስት ጊዜ ጠይቋቸዋል።

«አንቺን አይቼሻለሁ» አሉኝ። «ሻሽሽን ሁሉ አይቻለሁ። ማማውንም ሾላውንም አይቻለሁ። ያሰርኩበትን ቦታ በእጄ አውቀዋለሁ፣ ዓይኔን ተክዬ ፈለግሁት። የለም። ሦስቴም የለም አልኩት።»

ወፎቹ ማሽላው ላይ ወርደዋል፣ ማናችንም ለወንጭፉ አልተነሣንም።

«ያን ቀን ሲጠይቅሽ ወላሂ ያልሽው ለእኔ ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባዬ» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። አባቴ እጄን ይዘውኝ አያውቁም ነበር።

«ሁለተኛ ለእኔ ብለሽ ሰው እንዳትገድዪ» አሉኝ።